ችሎት የሚቀርቡ የወንጀል ተበዳዮች ከሥራቸው እንዳይፈናቀሉ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በወንጀል የተበደሉ ሠራተኞች ፍርድ ቤት ሲቀርቡ በሥራ ቦታቸው ሊያገኙት ስለሚገባው ጥበቃ ይህን እጽፋለሁ። በአቃቂና በቂሊንጦ ፋብሪካዎች የምትሠራ ወጣት በደበደባት ሰው ላይ ለመመስከር ከንጋቱ በፊት ተነስታ የታክሲ ሰልፍ ይዛ ልደታ ፍርድ ቤት ትደርሳለች፤ ተከሳሹ አልቀረበም ተብሎ ቀጠሮው ሲለወጥ ግን የዕለቱ ደመወዟ እንደተቆረጠ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 83 ሲቪል መብቱን ለሚጠቀም ወይም ግዴታውን ለሚወጣ ሠራተኛ ለዚያው ጊዜ ከክፍያ ጋር ፈቃድ ቢሰጥም፣ የወንጀል ተበዳይን ለይቶ ስለማይጠቅስ ጉዳዩ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ ወድቋል። ይባስ ብሎ ያው አዋጅ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረትን ለስንብት ምክንያት ያደርገዋል፤ የተንዛዛ ቀጠሮ ደግሞ ይህን ቁጥር በቀላሉ ይሞላል። ለእንጀራዋ የሰጋች ተበዳይ መመስከር ከተወች ዐቃቤ ሕግ ክሱን በማን ያስረዳል?

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተበዳይ ችሎት የዋለበት ጊዜ በአንቀጽ 83 እንደሚሸፈንና እንደ መቅረት እንደማይቆጠር በመመሪያ ይወስን፤ የፍርድ ቤት ሬጅስትራሮችም የመግቢያና የመውጫ ሰዓት የሰፈረበት፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ በዕለቱ ይስጡ።

አንድ አንባቢ፣ ከቱሉ ዲምቱ