ለቡሬ ከተማ ሙስሊም ጀመዓና ዘካቸውን ላወጡ ወገኖች ሁሉ የቀረበ የምስጋና መልእክት

አስሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነምና፣ ዘካ (በእስልምና ባለጸጋው ከሀብቱ ለችግረኞች እንዲያወጣ የታዘዘው ድርሻ) ላወጣችሁ፣ ስማችሁን ለማላውቀው ወገኖች፣ ዘካውን ሰብስባችሁ ላከፋፈላችሁ የመስጊዱ ሽማግሌዎች፣ እንዲሁም ጉዳዬን ይዛችሁ ደጅ ለጠናችሁልኝ የሰፈራችን እናቶች ይህን ምስጋና በአደባባይ አቀርባለሁ።

እኔ ስደተኞች ከሳዑዲ ዓረቢያ በብዛት በተመለሱበት በ2014 ዓ.ም. ሁለት ልጆቼን ይዤ ወደ አገሬ የገባሁ፣ ከባለቤቴ ጋር በፍቺ የተለያየሁ እናት ነኝ። በጂቡቲና በየመን በኩል ስሄድ ለደላላው የተከፈለው ገንዘብ ከወንድሜ በሬዎች ሽያጭ የተገኘ ሲሆን፣ የጎደለውን በአራጣ ተበድረን ነበር የሞላነው። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስላልነበረኝ ተይዤ ባዶ እጄን ስመለስ ዕዳው በወለድ ላይ ወለድ ጨምሮ ጠበቀኝ። ልብስ እያጠብኩ የማገኘው ገቢ ለቤት ኪራይና ለልጆቼ ቀለብ እንደምንም ይደርስ ነበር፤ ዕዳው ግን ገና እጄ ሳይገባ ይወስደው ጀመር።

የልጆቼ አባት በሕይወት ስላለ ልጆቼ የቲም (አባት የሞተባቸው) አይባሉም። በዚህም ምክንያት ርዳታ ወደሚሰጥበት ቦታ በሄድኩ ቁጥር «አባት አላቸው» እየተባልኩ ተመልሻለሁ። የመስጊዳችን ኡስታዝ ግን በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛ አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል ድሃው፣ ሚስኪኑ፣ ባለዕዳውና መንገደኛው እንደሚገኙ፣ የሚታየውም ችግሩ እንጂ የአባት መኖር አለመኖር እንዳልሆነ አስረድተው፣ በድህነቴም በዕዳዬም ዘካ እንደሚገባኝ ተናገሩልኝ። ፊቴን ሸፍኜ የምለምነው ነገር ሳይሆን አላህ በባለጸጋው ገንዘብ ውስጥ ያስቀመጠልኝ ሐቅ (መብት) መሆኑን ስሰማ፣ ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ ቆምኩ።

ሽማግሌዎቹ ገንዘቡን አውጥተው በመስጠት ብቻ አልተወሰኑም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ካቆሟቸው ሽማግሌዎች ጋር ሆነው አበዳሪውን አነጋገሩ፤ የዘካ ገንዘብ ለአራጣ ሊውል እንደማይችል ገልጸው፣ ወለዱ ቀርቶ ዋናው ብቻ እንዲከፈል አስማሙ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ አስፍረው አስፈረሙ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ፈትተው ስለ እኔ የተመላለሱበትን ውለታ በቃል ልከፍለው አልችልም።

ዕዳዬን የዘጋው፣ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ የሚያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ገንዘብ በእጃቸው ዓመት የሞላላቸው ነጋዴዎቻችን ከመቶ 2.5 አስበው በረመዳን ያወጡት ዘካ ነው። ቤቴን ያቆመው ግን የገበሬዎቹ ዘካ ነው። በዝናብ ከበቀለ እህል ከ10 እጅ አንዱ፣ በድካምና በወጪ በመስኖ ከለማው ደግሞ ከ20 እጅ አንዱ የሚወጣው እህሉ በተሰበሰበ ጊዜ ስለሆነ፣ ረመዳን አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ በተመለሰበት ወቅት በቆሎና ጤፍ ቤቴ ድረስ መጣልኝ። የከተማ ሰው ስለ ዘካ ሲያወራ ገንዘቡን ብቻ ማንሳቱ ያሳዝነኛል፤ ልጆቼ ክረምቱን ጠግበው ያደሩት በገበሬው እህል ነውና።

ሌላም ያልተነገረ ውለታችሁ አለብኝ። ርዳታ ሲሰጥ ፎቶ ማንሳት በተለመደበት በዚህ ጊዜ ከእናንተ መካከል ካሜራ ያቀረበብኝ የለም፤ የተሰጠኝንም «ምን አደረግሽበት?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ልጆቼ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ የማን ዘካ እንደበሉ የሚያነሳባቸው አለመኖሩ ለእኔ ከእህሉ አያንስም።

ዛሬ በገበያ ቀን በርበሬና ሽንኩርት እየቸረቸርኩ ኪራዬን በራሴ እከፍላለሁ። ለኮሚቴው አንድ ልመና አለኝ፤ ከዓረብ አገር ተመልሰው ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ እናቶች ረሃባቸውን ቢናገሩ እንኳ ዕዳቸውን ይደብቃሉና፣ ስማቸውን ስትመዘግቡ በለሆሳስ ስለ ዕዳቸውም ጠይቋቸው። እናንተም እህቶቼ አትደብቁ፤ ባለዕዳ በቁርኣን ተጠርቷል።

አላህ የሰጣችሁትን ይቀበላችሁ፤ በቀራችሁም ላይ በረካ ያድርግላችሁ። ጀዛኩሙላሁ ኸይረን።

የሁለት ልጆች እናት
ቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም