«ጣሊያን የሠራው ነው» ከሚለን አስጎብኚ ማን ያድነን?

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ጥር ወር የእህቴ ልጅ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ ከአዲስ አበባ ደሴ መጣና «ጋሼ፣ የከተማውን የድሮ ቤቶች በእግር እያዞረ የሚያስረዳን ሰው ይፈልጉልን» አለኝ። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ በባጃጅ ሾፌርና በወዳጅ ዘመድ በኩል ባፈላልግ ያገኘሁት መልስ አንድ ዓይነት ሆነ፤ «ላሊበላ ቢሆን ሰው አይጠፋም ነበር» የሚል። በሦስተኛው ቀን በሰው በሰው አንድ ወጣት ተገኘ። ትሑትና ፈገግተኛ ልጅ ነው፤ ክፍያውንም ቀድሞ ተቀበለን።

ጉዞው እንደተጀመረ ግን ጉድ ፈላ። ሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ባየ ቁጥር «ጣሊያን የሠራው ነው» ይላል፤ ቅስት ያለው መስኮት ሲያይም ያንኑ ይደግማል። አይጠየፍ አዳራሽ ዘንድ ስንደርስ እንኳ ይህችኑ ቃል አልተዋትም። እዚህ ላይ ዝም ማለት አቃተኝ። አይጠየፍን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ንጉሡ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው የተማረኩት ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ19 ዓመት በላይ አለ። ደግሞም የአዳራሹ ስም ራሱ ይናገራል፤ ትልቅና ትንሽ፣ ሀብታምና ድኻ ሳይባል ሁሉም የሚስተናገድበት የግብር አዳራሽ ስለነበረ ነው አይጠየፍ የተባለው። ይህን የማያውቅ አስጎብኚ ለእንግዳ የሚያሳየው ድንጋይና ቆርቆሮ ብቻ ነው።

ልጁን አልወቅሰውም። ላሊበላ የሚያስጎበኝ ወጣት ከካህናቱና ከደብተራዎቹ የሚሰማው፣ ከቀደሙት አስጎብኚዎች የሚማረው አለው። ደሴ ግን ወጣት ከተማ ናት፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚህ ሰፍረው ሳለ በ1875 ዓ.ም. ጅራታም ኮከብ ታይቶ «ደሴ» ብለው ሰየሟት ከሚባለው ብንቆጥር አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቢሆናት ነው። ስለ ቤቶቿ የሚያስተምር ሰው ለዚህ ልጅ ማን ሰጠው? የሚያሳዝነው፣ የሚያውቁት ሰዎች በከተማዋ ውስጥ አሉ፤ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው።

ይህን የምለው በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ስላጋጠመን ነገር ነው። ከፒያሳ ዝቅ ብለን አንድ አሮጌ ቤት ፊት ቆመን ስንከራከር፣ ከማዶ በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡ አንድ ሽማግሌ ጠሩን። ለካ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ የነበሩ ሰው ናቸው። «አብሽሩ ልጆቼ፣ እኔ ላሳያችሁ» ብለው ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩና «ስሙት፣ ጭቃ ነው። ሲሚንቶውን በኋላ ነው ያለበሱት» አሉ። ልስኑ የረገፈበትን ጥግ በከዘራቸው እያመለከቱም ማገሩንና ምርጊቱን አሳዩን። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ስንት ቀን መክረም እንዳለበት፣ ለምሶሶ ጥድ የሚመረጠው ምስጥ ስለማይደፍረው እንደሆነ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለውን የተፈለፈለ ጣውላም በምን ዓይነት መጋዝ እንደሚቆርጡት ነገሩን።

ከዚያ ደግሞ ወጣቱ አስጎብኚ ከቁም ነገር ያልቆጠረውን ነገር አነሡ። ቤቱ አንድ ሆኖ ሳለ ወደ መንገድ የሚከፈቱ ሦስት በሮች አሉት። ሽማግሌው «የመካከለኛውን ቅስት ከመስኮቶቹ ጋር አስተያዩት» አሉን። ብናስተያየው በቁመትም በስፋትም ልክ አንድ ነው፤ በሩ ድሮ መስኮት የነበረ ሲሆን ከግርጌው ተቆርጦ ወደ ታች የወረደ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቤቱ ወደ ቀበሌ ዞረ፤ ለሦስት አባወራ ሲከፋፈልም እያንዳንዱ የየራሱን በር አወጣ። የእህቴ ልጅ እዚያች ቅስት ሥር ብዙ ቆመ። እኔም ለአርባ ዓመት በዚያ በር ስመላለስ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ሳሉ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ስንት ቤት እንደነደደ ሽማግሌው ከአባታቸው የሰሙትን ጨምረው አጫወቱን፤ ከዚያ በፊት የነበረ ቤት ዛሬ ብርቅ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ለከተማ ጉብኝት ሰው ስፈልግ አስቀድሜ በስልክ የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፦ «ከምታሳየን ቤቶች መካከል ታሪኩ ያልታወቀልህ የትኛው ነው?» አንድም የለም የሚለኝን አልወስድም። አናጢው ስለ አንዱ ቤት ስንጠይቃቸው «ይህን ማን እንደሠራው አላውቅም፣ አልዋሽም» ብለውናል፤ ሌላውን ሁሉ ያመንኳቸውም ስለዚሁ ነው። ቋንቋ መቻል፣ ጥሩ ልብስና ማራኪ ንግግር ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

የከተማው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያስብበት የምፈልገው ነገር አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው፤ ኮምቦልቻ ላይ ምህንድስና ያስተምራል። አንድ የታሪክ ወይም የምህንድስና ተመራቂ ከአንድ አናጢ ወይም ግንበኛ ሽማግሌ ጋር ተጣምሮ አይጠየፍን፣ ፒያሳንና ሙዚየሙን የሚያካትት አጭር የእግር ጉዞ ቢዘጋጅ፣ ልጁ ዘመኑንና ሰነዱን፣ ሽማግሌው እንጨቱንና ጭቃውን ይናገራሉ። ለሽማግሌውም ይከፈላቸው፤ በምርቃት ብቻ አይሸኙ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ይደነግጋልና በከተማዋ የተመዘገቡት ቤቶች ዝርዝር አስጎብኚው እጅ ላይ ይኑር። ይህ የሚያስፈልገው ለእንግዳ ብቻ ሳይሆን አሮጌ ቤት ሲፈርስ ምን እንደፈረሰ ለማወቅ ጭምር ነው። (የደሴን ጭጋግ ለማያውቅ እንግዳ ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ እንዲይዝ የሚነግረውም ሰው ያስፈልጋል፤ የእህቴ ልጅ ባልደረባ ሁለት ጊዜ ወድቃለች።)

ሽማግሌውን ባለፈው ሳምንት ሄጄ ጠይቄያቸው ነበር። ለሚመጣ ሰው ሁሉ ለማስረዳት ፈቃደኛ ናቸው፤ ዳገት መውጣት ግን ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ከፒያሳ በታች ያለውን ብቻ ነው የሚያሳዩት። ከእሳቸው መማር የሚፈልግ ወጣት ካለ ክረምቱ ሳይገባ ይምጣ፤ በዝናብ ጊዜ ከቤት አይወጡም።

ከሰላምታ ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ