ስካነርህ እኔ ጋ ነው

ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምጽፍልህ። ስንት ጊዜ ሆነን? ሁለት ዓመት? እኔ መቁጠር ትቻለሁ፣ አንተም አትቁጠርብኝ። ስትደውል አላነሳሁም፣ መልሼም አልደወልኩም፣ ከዚያ ቀኑ በረዘመ ቁጥር እፍረቱም አብሮ ረዘመ። ይቅርታ። የምሬን ነው። ከዚህ በላይ ከተለማመጥኩ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ወደ ቀልድ ይዞርብኛል። ልጆቹ ደህና ናቸው? እማዬስ? እሺ።

መኪናዋ ታማብኛለች። ያሳመምኳትም እኔው ነኝ።

ሳቅ እንግዲህ፣ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። «ያልተበላሸ ነገር አትፍታ» እያልክ ስንት ዓመት ጮህክብኝ። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ደህና የምትሄደውን መኪና የአየር ፊልትሮ ሳጥኗን ከነቱቦው ነቅዬ አንድ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ ከሾጣጣ ፊልትሮ ጋር ገጠምኩላት። ለሰው ሁሉ «ጉልበት ይጨምራል» ብዬ ነው ያወራሁት። ላንተ አልዋሽም፣ ለድምፁ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ የምታሰማው ያ ረጅም ትንፋሽ አለ አይደል? እሱ ነው። የመጀመሪያውን ቀን መስኮት ከፍቼ ስነዳ ዋልኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

በማግስቱ ትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆምኩ። መሪው ላይ ያለው እጄ ይንቀጠቀጣል። በኋላ ማሳያው መስታወት የማያቸው መኪኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ። ሚኒሞዋ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ሞተሩ የሚዞረው፣ በደቂቃ 700 ዙር ላይ ንቅንቅ አትልም ነበር፤ አሁን 500 ትወርዳለች፣ ጠፋች ስል 1000 ትዘላለች፣ ከዚያ መልሳ ትወርዳለች። ኤሲ ስከፍት ጭራሽ ጠፋች። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን እንደያዘ ቀረ። ነዳጅ ስሰጣት ግን ምንም የላትም፣ እንደ ፈረስ ነው የምትሄደው። ስትቆም ነው የሚያማት። በሦስተኛው ቀን የቼክ ኢንጂን መብራቱ በራ።

የብልሽቱን ኮድ በምን አነበብክ ትለኛለህ።

እ... እዚህ ላይ ነው ነገሩ። በስካነርህ፣ በዚያች የመኪና ኮድ ማንበቢያ። አዎ፣ ያቺ ለሁለት ቀን ብዬ የተዋስኳት። «እኔ ጋ የለችም፣ አላየኋትም» ያልኩህ ጊዜ በእርግጥ የት እንዳስቀመጥኳት አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ ግማሽ ውሸት ነው። ከወር በኋላ ከኋላ ወንበር ሥር አገኘኋት። ያኔ ደውዬ «አገኘኋት» ማለት ነበረብኝ። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ይኸው እዚህ ደረሰ። ስልክህን የማላነሳው በዚህ ምክንያት ነበር እንጂ አንተ እንዳሰብከው በዚያ ነገር አይደለም። ያንን ነገር እኔ ረስቼዋለሁ። እንዲያውም ትክክል የነበርከው አንተ ነህ፣ ግን ይህን ደግሜ አልጽፈውም።

ለማንኛውም ኮዱ ፒ0171 ነው። አየር በዝቷል፣ ነዳጅ አንሷል የሚለው። አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ለራሴም ጥርት እንዲልልኝ ልጻፈው፤ ሞተሩ ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ነው የሚፈልገው፣ በክብደት። ኮምፒውተሩ አየሩን በዓይኑ አያየውም። የሚገባውን አየር የሚለካው ኤርፍሎ ሴንሰሩ «ይህን ያህል ገባ» ያለውን አምኖ ነዳጅ ይረጫል። ኋላ ላይ የኦክስጅን ሴንሰሩ ጭሱን አሽትቶ «አንሷል» ካለው ይጨምራል። የጨመረውም በፐርሰንት ስካነሩ ላይ ይወጣል። የኔዋ ሚኒሞ ላይ ሆና የአጭሩና የረጅሙ ጊዜ ማስተካከያ ሲደመር 25 ፐርሰንት ትጨምር ነበር። ሩብ እኮ ነው! ያ ሁሉ አየር ሳይቆጠር በጓሮ በር እየገባ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ጅል ሥራ ሠርቻለሁ። ኮዱን በትክክል ሳልመዘግብ ባትሪውን ነቀልኩት። «ኮምፒውተሩ አዲሱን ቱቦ ይልመደው» ብዬ። የተማረው ሁሉ ጠፋ፣ ኮዱም ጠፋ፣ ኮዱ ሲወጣ የተያዘው መረጃ አብሮ ጠፋ፣ ሚኒሞዋም ከበፊቱ ባሰባት። ማስረጃውን በገዛ እጄ አጥቤ ሌባ ፍለጋ ወጣሁ። ሁለት ቀን ነድቼ ነው ኮዱ ተመልሶ የመጣው።

ከዚያ በ2500 ዙር ይዤ ያንን የማስተካከያ ፐርሰንት አየሁት። ከ25 ወደ 13 ወረደ። ጮቤ ረገጥኩ! ምክንያቱም ከስሮትሉ፣ ነዳጅ ስትረግጥ ለአየሩ ከሚከፈተው በር፣ ወዲያ ያለ ቀዳዳ ሚኒሞ ላይ ነው በጣም የሚያስቸግረው። ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ በቀዳዳው የሚገባው ድርሻ ይጎላል፣ ዙሩ ሲጨምር ግን ከብዙው አየር ጋር ይዋጣል። ስለዚህ ቀዳዳ አለ። ካርቡሬተር ማጽጃ እየረጩ የሚፈልጉትን ዘዴ አልሞከርኩም፤ በጋለ ሞተር ላይ የሚቀጣጠል ነገር ለምን እንደማልረጭ አንተ ታውቃለህ፣ ቅንድቤ መልሶ ለመብቀል ስንት ወር እንደፈጀበትም ታስታውሳለህ። የውሃ ጎማ ቁራጭ ወስጄ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ እያዞርኩ እንደ ሐኪም አዳመጥኩ። ከታች በኩል፣ የድሮው ሳጥን በነበረበት ጎን፣ «ስስስ» የሚል ድምፅ። የእርሳስ ውፍረት ያላት የቫኪዩም ጎማ ናት። ሳጥኑን ስነቅል አጠፍኳት መሰለኝ፣ ጎማዋ ደግሞ በሙቀት ደርቃ ኖሮ አንገቷ ላይ ተሰንጥቃለች። ጣቴን ሳሳርፍባት ሚኒሞው ቀጥ አለ። ሳነሳው መንቀጥቀጥ። ስጭናት ቀጥ። ሦስት አራት ጊዜ እንዲሁ ተጫወትኩ፣ እንደ ልጅ።

ጫፏን አንድ ሴንቲሜትር ቆርጬ መልሼ ሰካኋት። አለቀ፣ ደቂቃም አልፈጀ።

አለቀ ብዬ ነበር። ለሁለት ቀንም ጀግና ሆኜ ሰነበትኩ። ከዚያ ጠዋት ላይ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ እንደገና ጀመረች። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ግን ትንሽ ትንሽ ታስላለች። ሲሞቅም ቢሆን ቆማ ሳለ አልፎ አልፎ ጉሮሮ እንደ ማጽዳት ያደርጋታል። ስካነሩን ሰካሁ። ሚኒሞ ላይ 10። በ2500 ዙር 10። አሁን ዙሩ ቢጨምርም ባይጨምርም ቁጥሩ ያው ነው። ያኔ 25ቱ ወደ 13 ሲወርድ ጮቤ የረገጥኩት ሰውዬ «13ስ ለምን ወደ ዜሮ አልተጠጋም?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዘይቱን ነው። ፊልትሮው ዘይት የሚቀባ ዓይነት ነው፣ ዘይቱ ሲበዛ ተስቦ ሄዶ ኤርፍሎ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል ይባላል። ሴንሰሩን አወጣሁት። መካከሉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ናት ያለችው፣ ሥራዋ እንደጋለች መቆየት ነው፣ አየሩ ሲያልፍባት ያበርዳታል፣ እንደጋለች ለማቆየት የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ደግሞ ምን ያህል አየር እንዳለፈ ይናገራል። በጥጥም በጣትም አልነካኋትም፣ ለሷ ብቻ የተሠራውን ማጽጃ ነፋሁባትና እስክትደርቅ ጠበቅኩ። ንጹሕ ነበረች። ምንም ለውጥ የለም። አሁን ምን ልክ...

ቆይ። አሁን ስጽፍልህ አንድ ነገር መጣልኝ። ወርጄ ልምጣ።

ተመለስኩ። እጄ ስላደፈ ፊደል ብስት ይቅር በለኝ። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅዬ አስነሳኋት። ኮምፒውተሩ ሴንሰሩን ሲያጣ በራሱ ግምት ነው የሚሄደው፤ መብራቱ ወዲያው በራ፣ ግን ሚኒሞዋ ምን እንደሆነች ታውቃለህ? ተረጋጋች! ግምቱ ከሴንሰሩ ወሬ ይሻላል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን ቀዳዳ አይደለም፣ ሴንሰሩ የሚናገረው ነው የተሳሳተው። ግን ሴንሰሩ ያው የድሮው ነው፣ ጤነኛ ነው። የተለወጠው የተቀመጠበት ቤት ነው።

ካሊፐር ይዤ የድሮውን ሳጥን አወጣሁ። (አልጣልኩትም፣ አልጋ ሥር ነው፣ ሚስቴ እስካሁን አላየችም።) ሴንሰሩ የሚሰካበት ቱቦ የውስጥ ዲያሜትር 60 ሚሊሜትር። አዲሱ 63። ሦስት ሚሊሜትር ናት፣ ምን ታመጣለች እንዳልል ስሌቱን ሠራሁት። አየር የሚያልፍበት ስፋት በዲያሜትሩ ካሬ ነው የሚያድገው፤ 63 ለ60 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 1.1025። አሥር ፐርሰንት! ያው የአየር መጠን በሰፊ ቱቦ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሽቦዋን ያን ያህል አያበርዳትም፣ ሴንሰሩ አሳንሶ ያወራል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያሳንሳል፣ ከዚያ የኦክስጅን ሴንሰሩ እየጮኸ 10 ፐርሰንት ያስጨምረዋል። ስካነርህ ላይ የማየው 10 ይኸው ነው። ወንድሜ፣ ወረቀቱን ይዤ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። አንተ አጠገቤ ብትሆን ኖሮ ትሰድበኝ ነበር፣ እሱም ናፈቀኝ።

ሌላም አለ። የድሮው ሳጥን ሴንሰሩ ፊት የንብ እንጀራ የመሰለ ወንፊት አለው፣ አየሩን ቀጥ አድርጎ የሚያሳልፍ። አዲሱ ምንም የለውም፤ ይባስ ብሎ ሴንሰሩ የተሰካው ከቱቦው ቅስት እንደወጣህ ነው፣ አየሩ ገና እየተጠማዘዘ። በፍጥነት ስትሄድ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ሚኒሞ ላይ ግን የሚያልፈው አየር ጥቂት ነው፣ ትንሽ ሽክርክሪት ቁጥሩን ያንቀጠቅጠዋል። ጉሮሮ የሚያስጸዳት እሱ ይመስለኛል። ጠዋት የሚብሰውም የኦክስጅን ሴንሰሩ እስኪሞቅ አራሚ ስለሌለ ነው።

ጉልበቱስ? እንዳትስቅ። ሾጣጣው ፊልትሮ ክፍት ነው፣ የሚስበው በሞተሩ የጋለውን አየር ነው። ቆሜ ሳለ የሚገባው አየር 58 ዲግሪ ሲል አነበብኩ፣ ውጪው 24 ነበር። የድሮው ሳጥን ከፊት ለፊት ቀዝቃዛ አየር ነበር የሚስበው። ትኩስ አየር ስስ ነው፣ ስለዚህ ጉልበት ጨመርኩ ብዬ ያወራሁላቸው ሰዎች እንዳይሰሙ።

አሁን ጥያቄዬ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት፣ እሺ ለዚህም ነው የጻፍኩት፤ ሳጥኑን ልመልስ ወይስ 60 ሚሊሜትር የሆነ ከነወንፊቱ የሴንሰር ቤት ፈልጌ አዲሱ ቱቦ ላይ ላስገባ? አእምሮዬ ሳጥኑን መልስ ይላል። ግን ያ ትንፋሽ... ሰምተኸው ስለማታውቅ ነው። አንዴ ሰምተህ ከዚያ ፍረድ። ኮምፒውተሩን ላስተካክልልህ የሚልም ሰው አግኝቼ ነበር፣ ግን ሦስት ሚሊሜትር ላበላሸችው ነገር የመኪናዋን አንጎል መክፈት አልወደድኩም።

ቅዳሜ ልምጣ? መኪናዋንም ስካነሩንም ይዤ። አንተ ጆሮህን ስጠኝ፣ ስድቡንም ጨምርበት፣ ይገባኛል። መንገድ ላይ ብትጠፋብኝ እደውልልሃለሁ። እባክህ አንሳ፣ እኔ እንዳደረግኩት እንዳታደርገኝ።

ወንድምህ

የረሳሁት፦ የስካነሩ ገመድ ሶኬቱ አጠገብ ትንሽ ተልጧል። ስወስደው እንዲሁ ነበር።

እሺ፣ አልነበረም።