ጌም የሚያጠኑ ልጆች፦ የጌም ጥናት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ሲቋቋም በወላጆች ስብሰባ ላይ የተነሳውን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። «እኛ ልጆቻችንን ከፕሌይስቴሽን ቤት እየጎተትን እናወጣለን፤ እናንተ ደግሞ ጌም ልታስተምሯቸው ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ክበባችን ግን ተሰብስቦ ጌም አይጫወትም። ጌም የሚያሳትሙ ኩባንያዎች ማን ምን እንደሚጫወት እንዴት ለይተው እንደሚያውቁ፣ ካወቁ በኋላም ምን እንደሚያደርጉ ነው የምናጠናው። ይህን የተረዳ ልጅ ነገ ሱቅ ቢከፍትም፣ አፕ ቢሠራም፣ ደንበኛውን መጠየቅ ይችላል። እሱን ራሱን ዒላማ አድርገው ሲመጡበትም ይነቃል።

የመደበኛ ስብሰባዎቻችንን ነገር ባሳጥረው ይሻላል። አመራር ተመርጧል፣ ደንብ ጸድቋል፣ ሐሙስ ከሰዓት ተገናኝተናል።

ልጆቹን መጀመሪያ የያዛቸው የሞርታል ኮምባት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አክሌም የተባለ አሳታሚ ይህን የድብድብ ጌም ለሁለት ተቀናቃኝ ኮንሶሎች (የጌም ማሽኖች)፣ ለኒንቴንዶና ለሴጋ፣ አወጣ። ኒንቴንዶ ራሱን የሚያየው የልጆችና የቤተሰብ ኩባንያ አድርጎ ስለነበር በእሱ ኮንሶል ላይ ደሙ ቀረ፤ በምትኩ ላብ የሚመስል ግራጫ ነገር ገባ። ሴጋ የሚፈልገው ጎረምሶቹን ነበር። በእሱ ኮንሶል ላይ የሚስጥር ኮዱን አስገብቶ ለሚጫወት ደሙ ይፈስሳል። በሽያጭ የሴጋው በለጠ። ነገሩ የአሜሪካን ሕግ አውጪዎች ሳይቀር አነጋገረ፤ በ1994 ለጌሞች የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ አካል ተቋቋመ። ልጆቻችን በዚህ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩ የደወሉን ድምፅ እንኳ አልሰሙም። ከእነሱ መካከል በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ የማያውቅ ነበር።

ቀጥሎ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለው ማሽን መጣን። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ተከታዩ በ2006 ቢመጣም፣ ኢኤ የተባለው አሳታሚ የፊፋን ጌም ለአሮጌው ማሽን ማውጣቱን እስከ 2013፣ እስከ ፊፋ 14 ድረስ አላቋረጠም። ይኸው ኩባንያ በ2008 ዊ ለተባለው የኒንቴንዶ ኮንሶል ደግሞ «ኦል ፕሌይ» የሚል መለያ ያለው፣ ለማያውቅ ሰው የሚቀል ሌላ ፊፋ ሠርቷል። ኳሱ ያው ኳስ ነው፤ የሚጫወተው ሰው ግን ይለያያል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እኛስ የማን ደንበኛ ነን?» አሉ። የኮምቦልቻው ጉዞ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ከደሴ ተነስተን በሐረጎ ቁልቁለት ስንወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ጥያቄያቸውን እርስ በርስ ይለማመዱ ነበር። የገባንበት የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት በደስታ ተቀበሉን። ለምን ሁሉም ስክሪን ላይ ኳስ ብቻ እንደሆነ ልጆቹ ጠየቋቸው። «እኛ ዘንድ የሚከፈለው በጨዋታ ነው» አሉ። «የተሸነፈ ይከፍላል፤ ቀጣዩ ይገባል። ታሪክ ያለው ጌም ብከፍት አንዱ ተቀምጦ ያመሻል፣ ሌላው ቆሞ ቆሞ ይሄዳል።» ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አናገኘውም ነበር። ኩባንያው አንድን ማሽን የሚያስበው በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ አንዱ ማሽን የሰፈር ሁሉ ነው፤ ስለዚህ የሚመረጠው ቶሎ የሚያልቅ ጌም ነው።

ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ብዙም ያልሰማነው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ ቀረበች።

«ጋሼ፣ አንቱ ቤት ሴት ለምን አትመጣም?»

«ሴት ጌም አትወድማ፣ የኔ ልጅ።»

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ሰውየው ትንሽ አሰቡ። «ኧረ እውነትሽን ነው፣ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። ወንዶቹ ሳቁ። እሷ ግን መልሱን ጻፈችው። በማስተማር ባሳለፍኩት ጊዜ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንዲህ ያለ ጨዋነት ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም። ተመልሰን ዳገቱን ስንወጣ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ጋ ነበር።

ደሴ ከገባን በኋላም አላቆመችም። የክፍሏን ሴት ልጆች፣ የሰፈሯን እናቶች፣ አያቷንም ጠየቀች። ሴቶቹ ጌም አይጠሉም። ቤቱ ወንድ በወንድ ነው፣ ይመሻል፣ ሥራ አለ። በስልክ ግን ብዙዎቹ ይጫወታሉ። በወላጆች ቀን ይህን ከዊ ታሪክ ጋር አያይዛ አቀረበች። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒና ማይክሮሶፍት በሚሻሙበት ወጣት ላይ ከመረባረብ ይልቅ ጆይስቲክ ጨብጠው የማያውቁትን ተመለከተ። እጅ በማወዛወዝ የሚታዘዝ መጫወቻ ሠራ። ቴኒስና ቦውሊንግ ያለበትን ዊ ስፖርትስ በአሜሪካና በአውሮፓ ከማሽኑ ጋር አብሮ ሰጠ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ማሽን ሸጠ።

ከዚያ የራሷን ንድፍ ገለጠች። በቡና ሰዓት የሚጫወቱት የገበጣ ጌም ነው። ሦስት ዙር አለው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ሲጠጣ ጌሙም ያልቃል፤ ማንንም ከሥራው አያስቀርም። «አያቴ የምትቀመጠው ያን ያህል ነው» አለች። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት እናቶች እልል አሉላት። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ንድፉ ግን እስካሁን ወረቀት ላይ ነው። የኮምፒውተር ክፍላችን በጦርነቱ ከደረሰበት ጉዳት ገና አላገገመም። የሚሠሩትን ማሽኖች ለመደበኛ ትምህርት እንኳ በተራ ነው የምንጠቀመው፤ ለክበብ የሚተርፍ የለም። ሐሙስ መብራት ሲጠፋም ፕሮግራሙ ይሰረዛል። ወደ ወልድያ ያቀድነው ጉዞ በትራንስፖርት ዋጋ ምክንያት ቀርቷል። ለእግር ኳስ ቡድናችን በየዓመቱ መለያ ሲገዛ ከልብ ደስ ይለናል። የእኛ ልጆችም የትምህርት ቤቱን ስም ይዘው ነው የወጡት፤ በጀት ሲደለደል እነሱም ይታሰቡ።

አዲስ ነገር አንጠይቅም። መሥራት የሚችል ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ጓዳ ውስጥ አቧራ የለበሰ ፕሌይስቴሽን 2 ወይም ዊ ያላችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ብትሰጡን በክበቡ መዝገብ ፈርመን እንረከባለን። ፕሮግራም መጻፍ የምታውቁ ደግሞ በወር አንድ ሐሙስ መጥታችሁ ብታግዙን ይበቃናል። የቡናው ጌም ንድፍ ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተለጥፏል። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል፤ ሴት ተማሪዎችን በተለይ እንጠብቃለን።