ወንዙ በየት በኩል ይፈሳል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ የመንደር ታሪክ ማኅበራትን «የጡረተኞች ጊዜ ማሳለፊያ» ብለው ጽፈዋል። እኔ ለጡረታ ገና ብዙ ይቀረኛል። የእንዲህ ዓይነት ማኅበር አባል ከሆንኩ ግን አምስት ዓመት አለፈኝ። መልስ ልሰጣቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ስጽፍ ስጽፍ ግማሹ እውነታቸውን እንደሆነ ገባኝና ተናደድኩ።

እውነት ያላቸው የገለጻ ምሽቶቻችን ላይ ነው። ሁሉም ይመሳሰላሉ። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ እሱ እስኪበራ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ተናጋሪው ከሩቅ ዘመን ይነሳሉ። በነገሥታቱና በጦርነቱ ሲዞሩ ቆይተው ሊያልቅ ሲል መንደራችን ብቅ ትላለች፤ ያውም አንድ ስላይድ ላይ። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው አንቀላፍቷል። የነገሥታቱን ታሪክ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። መጽሐፍ ላይ የሌለው ታሪክ ያለው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ከተቀመጡት ሰዎች ጋ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ተናጋሪ የድንጋይ ድልድያችንን የድሮ ፎቶ አሳዩን። ሁላችንም «አቤት!» አልን። ከኋላ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይሄ ፎቶ ተገልብጧል። ወፍጮ ቤቱ በዚህ በኩል አልነበረም።»

ሰብሳቢያችን በትሕትና «እማማ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው» አሏቸው። መጨረሻ ላይ ሰዓት አለቀ። እማማም ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድልድዩ ጋ ለጉብኝት ወጣን። ሰብሳቢው ፎቶውን በወረቀት አትመው ይዘው ነበር። እማማ ድልድዩ ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ወንዙን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ወደ እኛ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ አድርገው ያዙት። ምስሉ በስተጀርባ አሳልፎ ታየ፤ ልክ ቦታውን ያዘ። ወፍጮ ቤቱ በቀኝ፣ የወንዙ መታጠፊያ በግራ። የፎቶ ፊልም በተቃራኒ ፊቱ ከታተመ ግራና ቀኙ ይቀያየራል፤ ፎቶ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። አዳራሽ ውስጥ ግን ማን ልብ ይላል? ወንዙ ፊት ሲቆም ሕፃንም አይሳሳትም።

በዚያ አላበቁም። ከድልድዩ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ላይ ወሰዱንና ዓለቱ ላይ ሁለት ቦታ የተፈለፈለ ጉድጓድ አሳዩን፤ ክንድ ያስገባል። ከድንጋዩ ድልድይ በፊት የግንድ ድልድይ ነበር፤ ግንዶቹ የሚያርፉት እዚያ ውስጥ ነበር አሉ። ያንን ዓለት እኔ ስንቴ ረግጬው አልፌያለሁ። ማን እንደፈለፈለውም ነገሩን።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዐሥራ አራት ሰዎች ነበርን፣ ዐሥራ አራት ስልክ። ሁሉም ፎቶ ያነሳል፤ ድምፅ የቀዳ አንድም የለም። ከወር በኋላ ማስታወሻ ልንጽፍ ስንቀመጥ አንዱ «የፈለፈሉት አባታቸው ናቸው» አለ። ሌላው «የለም፣ አያታቸው ናቸው» አለ። እኔ ደግሞ አጎታቸው መሆናቸውን ልምል ምንም አልቀረኝም። ሄደን እማማን ጠየቅናቸው። ሳቁብን። «እኔ የጎረቤታችን አባት ነው ያልኳችሁ» አሉ። እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ይዘውት የኖሩትን ነገር እኛ በአንድ ወር አበላሸነው።

በየስብሰባው «ሽማግሌ ሲሞት ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ» ማለት እንወዳለን። አባባሉ ማሊያዊው ደራሲ አማዱ ሃምፓቴ ባ እ.ኤ.አ. በ1960 በዩኔስኮ ከተናገሩት የመጣ ነው። እሳቸው የምራቸውን ነበር። እኛ ግን አባባሉን ደግመን፣ አጨብጭበን፣ ስልካችንን ኪሳችን ከተን ወደ ቤት እንሄዳለን። ኒውዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ምሁሩ በአለን ኔቪንስ መሪነት የቃል ታሪክ መሰብሰብ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ አንድ ተማሪ ቁጭ ብሎ በእጁ ነው የጻፈው። መቅጃ አልነበረውም። እኛ ምን እንላለን?

የሚገርመው በዚያው በ1948 እንግሊዝ አገር ሌስተር ውስጥ የአካባቢ ታሪክን ብቻ የሚያጠና የትምህርት ክፍል በዊልያም ሆስኪንስ መሪነት ተከፍቷል። ሆስኪንስ የሚታወቁት መሬቱን ራሱን እንደ ሰነድ በማንበባቸው ነው፤ መንገዱን፣ አጥሩን፣ የማሳውን ቅርጽ። ኮሎምቢያ ሰውን መጠየቅ፣ ሌስተር መሬቱን መርገጥ። እማማ ድልድዩ ላይ ሲቆሙ ሁለቱ ባንድ ላይ መጡ። ከፕሮጀክተር ይህን አትጠብቁ።

የጉብኝት ሰዓታችን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁልጊዜ እኩለ ቀን። ኮረብታው ላይ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ አለ፤ ሦስት ጊዜ ሄደን «በቃ ጠፍቷል፣ አይነበብም» ብለን ተመልሰናል። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ማምሻ ላይ በዚያ ሳልፍ ግን ፊደሎቹ ብድግ ብለው ቆመው አገኘኋቸው። ምሥጢሩ ምንም አይደለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ የለም። ከጎን ስትመጣ ግን ትንሿ ጭረት እንኳ ጥላ ትጥላለች። በባትሪም ይሠራል፤ መብራቱን ከድንጋዩ ጎን ጠጋ አድርጎ ማብራት ነው። በኖራ ማድመቅና በብረት ብሩሽ መፈግፈግ ግን ድንጋዩን ይጎዳዋል። ብሩሽ ይዞ የመጣ አባል አለን፤ ጓደኛዬ ስለሆነ ዝም ልበል።

ወቅትም እንደዚሁ መመረጥ አለበት። የተቀበረ ቦይ ላይ የበቀለ ሰብል ሥሩ ጥልቅና እርጥብ አፈር ስለሚያገኝ በድርቅ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። የተቀበረ ግንብ ላይ ያለው ቀድሞ ይገረጣል። ከላይ ሲያዩት መሬቱ ራሱ ካርታ ይሥላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 አየርላንድ ውስጥ፣ ኒውግሬንጅ ከሚባለው የጥንት መቃብር አጠገብ፣ ማንም የማያውቀው ትልቅ ክብ የጥንት ሥራ በድሮን የታየው እንዲህ ነው። ያን ዓመት ድርቁ ከባድ ነበር። እኛ ግን «ደረቅ ነው፣ ምን ይታያል» ብለን ጉዞ እንሰርዛለን።

ትዝታን እንዳለ እንዋጠው እያልኩ አይደለም። ሰው ይሳሳታል፣ በተለይ በዓመተ ምሕረት። «በስንት ዓመት ነው?» ብለህ ከያዝከው እንዳያሳፍርህ ብሎ ቁጥር ይፈጥርልሃል። «ከሠርግዎ በፊት ነው በኋላ? የመጀመሪያው ልጅ ተወልዶ ነበር?» ብትለው ይሻላል። ከዚያ መዝገብ ካለ ማስተያየት ነው።

እንግዲህ ማኅበራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጉዞው ይቅደም፣ ገለጻው ይከተል። መጀመሪያ ቦታው ላይ እንቁም። መራመድ የሚያቅታቸውን በመኪና እናድርሳቸው፣ ወንበር እንያዝላቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቀን አንድ ሰው ብቻ ይቅዳ፤ ስልኩን ከነፋስ ከልሎ፣ ጥሪ እንዳያቋርጠው ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም መጀመሪያ ተናግሮ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። አዳራሹ ከዚያ በኋላ ይሁን። እንግዳው ተናጋሪም ይምጡ፤ ነገሥታቱንም ይንገሩን፣ ችግር የለም። የፊት ወንበር ላይ ግን እማማ ይቀመጡ።

ሰብሳቢያችን በከፊል ተስማምተዋል። የሚቀጥለው ጉዞ ኮረብታው ላይ ያለው ድንጋይ ጋ ነው፤ ሰዓቱም ወደ ማምሻ ተዛውሯል። ባለፈው የጻፉት አንባቢ ቢመጡ ደስ ይለናል። «ከመሸ አዛውንቶቹ በምን ይወርዳሉ?» የሚል ሥጋት ተነስቶ ነበር። እማማ ባትሪ አለኝ ብለዋል።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ