ለእማዬ፣ ስለዚያ ማዞር

ውድ እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገለበጪ ቤቱ የሚዞርብሽና ሌሊት ብድግ ስትዪ ዓይንሽን ጭልም የሚያደርግብሽ አንድ በሽታ አይምሰልሽ። ምክንያታቸው ለየቅል ነው፤ መላቸውም እንደዚያው።

የመጀመሪያው የጆሮ ጣጣ ይመስላል። በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቁ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ከቦታቸው እየተላቀቁ ፈሳሽ ወዳለበት ቀጭን ቱቦ ይገባሉ። ጭንቅላትሽን ስታዞሪ ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም የምትሽከረከሪ ይመስለዋል። ከአንድ ደቂቃ በታች ቆይቶ የሚተውሽ ለዚህ ነው። ኪኒን ደግሞ ጠጠር አይመልስም። ለማዞሩ የምትውጪውን ሲናሪዚን ለወራት መዋጥ ያደነዝዛል፤ በትልልቅ ሰዎች ላይ ሲቆይ እጅ ማንቀጥቀጥና እግር መጎተትም ያመጣል። መቼ እንደምታቆሚው ሐኪሙን ጠይቂልኝ።

ጠጠሩን የሚመልሰው ኤፕሊ የሚባለው እንቅስቃሴ ነው። መጀመሪያ የጆሮ ሐኪሙ አስተኝቶ ዓይንሽን እያየ ጆሮውን ይለይ፤ የአንገት ሕመምሽንም ንገሪው። ቀኙ ነው ካለና ቤት እንድትሠሪው ከፈቀደ፣ እህቴ አጠገብሽ ትሁን፤ ምግብ እንደበላሽ ግን አይሆንም፣ ያስመልስሻል።

እግርሽን ዘርግተሽ አልጋው ላይ ተቀመጪ። ትራሱ ስትተኚ ከትከሻሽ ሥር እንዲሆን ከኋላሽ ይቀመጥ። ብዙ ሰው ጭንቅላቱ ሥር ያደርገዋል፤ ያኔ ጭንቅላት ወደ ኋላ ስለማይዘነበል ጠጠሩ አይንቀሳቀስም። ፊትሽን ግማሽ ያህል ወደ ቀኝ አዙሪና በጀርባሽ ተኚ። ያዞርሻል፣ የሚጠበቅ ነው፤ ዓይንሽን ከፍተሽ እስኪያልፍ ጠብቂ፣ ካለፈ በኋላም 30 ሰከንድ ጨምሪ። ከዚያ ጭንቅላትሽን ሳታነሺ ፊትሽን መሀል ላይ ሳታቆሚ ግማሽ ያህል ወደ ግራ እስኪያይ አዙሪ፣ 30 ሰከንድ። ቀጥሎ መላ ሰውነትሽ በግራ ጎን ይዙር፣ አፍንጫሽ ወደ ፍራሹ ይይ፣ ሌላ 30 ሰከንድ። እዚህ ላይ ነው ሰው ደንግጦ ቀና የሚለውና ጠጠሩ ተመልሶ የሚወርደው። በመጨረሻ አገጭሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ ቀስ ብለሽ ተቀመጪ፤ ጥቂት ደቂቃ ሳትቆዪ እንዳትነሺ። በአንድ ቀን ካልለቀቀሽ በማግስቱ ይደገማል።

እስኪሻልሽ ከቁም ሣጥን አናት ዕቃ አታውርጂ። ስግደቱም ይቅር፤ ግድግዳ ይዘሽ እጅ መንሳት ይበቃል።

ሁለተኛው ስትነሺ ደም ግፊትሽ የሚወርድበት ነው። 5 ደቂቃ ተኝተሽ እህቴ ትለካሽ፤ ቆመሽም በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ። የላይኛው ቁጥር ከተኛሽበት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ የግፊት መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪ። ሽንት የሚያበዛው ኪኒን በጾም ቀን ውኃ ሳይጠጡ ይከብዳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለመቆየቱ ሐኪሙንም ነፍስ አባትሽንም አማክሪ። ሌሊት ከመነሣትሽ በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠሽ እግርሽን አወናጭፊ። ባትሪው ትራስ አጠገብ ይሁን፤ ያ ሰፊ ነጠላ ጫማም ይጣል።

ማዞሩ ከአፍ መጣመም፣ ከንግግር መኮላተፍ፣ ከእጅ መዛል ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ከማየት ጋር ከመጣ፣ ወይም ጨርሶ መራመድ ካቃተሽ፣ ኤፕሊም እረፍትም የለም፤ ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዱሽ።

ልጅሽ