ርቀቱ ሲጨምር ጠቅታው በእኩል አይጨምርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በአየር ጠመንጃ የዒላማ ተኩስ ለሚለማመዱ ሰዎች ደጋግሞ የሚሰጥ ምክር አለ፤ «ዒላማው በራቀ ቁጥር መነጽሩን በየ10 ሜትሩ ይህን ያህል ጠቅታ ከፍ አድርግ» የሚል። መነጽር የሚባለው ጠመንጃው ላይ ታስሮ የሚታለምበት ነው፤ ጠቅታ ደግሞ የመነጽሩ ማስተካከያ ሲዞር የሚሰማው አንድ እርምጃ ነው። ምክሩ የተሳሳተ ነው። ጥሩ ጠመንጃ የያዘ ሰው በ30 ሜትር ሳንቲም እየመታ በ50 ሜትር ወረቀቱን የሚስተው በአብዛኛው በዚህ ሳቢያ ስለሆነ፣ ነገሩን በቁጥር ማስረዳት ይገባል።

ፔሌት የሚባለው የአየር ጠመንጃ ጥይት ወገቡ የቀጠነ፣ ከኋላው ክፍት የሆነ ለስላሳ እርሳስ ነው። ቅርጹ ሳይገላበጥ እንዲበር ይረዳዋል፤ በዚያው ልክ ግን አየር አጥብቆ ይይዘዋል። 4.5 ሚሊሜትር ውፍረትና 0.54 ግራም ክብደት ያለው ፔሌት በሰከንድ 240 ሜትር እየበረረ ከአፈሙዝ ቢወጣ፣ 50 ሜትር ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 185 ሜትር ግድም ይወርዳል። ቀጥሎ ያለውን እያንዳንዱን 10 ሜትር ለማቋረጥ ከቀደመው የበለጠ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስበት የሚጎትተውም ያንኑ ያህል ረዘም ላለ ጊዜ ነው። ስለዚህ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ያለ ይመስልና ወደ መጨረሻው ቁልቁል ይታጠፋል።

ይህ ፔሌት የመነጽሩ መሐል ከጠመንጃው ቱቦ መሐል 45 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ በታሰረና በ30 ሜትር ልክ እንዲመታ በተስተካከለ ጠመንጃ ቢተኮስ፣ ስሌቱ የሚሰጠው ውጤት ከሚከተለው ብዙ አይርቅም። በ10 ሜትር ከታለመበት ነጥብ 10 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ጀማሪዎችን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ግን ፔሌቱ መነጽሩ ከሚያይበት መስመር በታች መነሣቱ ብቻ ነው። 15 ሜትር ላይ መስመሩን ያገኘዋል፤ በ20 እና በ25 ሜትር 5 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በ30 ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በ40 ሜትር 28፣ በ50 ሜትር 82፣ በ60 ሜትር 165 ሚሊሜትር ይወርዳል።

ወደ ጠቅታ እንለውጠው። አንድ ጠቅታው 0.1 ሚሊራዲያን (የማዕዘን መለኪያ ነው) የሆነ መነጽር በ100 ሜትር 10 ሚሊሜትር፣ በ50 ሜትር 5 ሚሊሜትር ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ለ40 ሜትር 7፣ ለ50 ሜትር 16 ወይም 17፣ ለ60 ሜትር ደግሞ 27 ወይም 28 ጠቅታ ያስፈልጋል። ከ30 ወደ 40 ሜትር 7 ጠቅታ የበቃው ሰው ለ50 ሜትር 14 ብሎ ቢያሰላ 12 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ጠቅታው የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የዲግሪ ስድሳኛ፣ ሩብ ከሆነ ደግሞ በ50 ሜትር የሚያንቀሳቅሰው 3.6 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ለዚያው 82 ሚሊሜትር 23 ጠቅታ ይጠይቃል።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ቀድቶ መጠቀም አይቻልም። ፔሌቱ፣ ፍጥነቱ ወይም የመነጽሩ ከፍታ ሲለወጥ ሁሉም ይለወጣል። እያንዳንዱ ተኳሽ የራሱን ሠንጠረዥ በራሱ ጠመንጃ ይሥራ። ርቀቱ በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ይለካ። በ30 ሜትር ከተስተካከለ በኋላ መነጽሩ ሳይነካ ከ10 እስከ 50 ሜትር በየ5 ሜትሩ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ እያለሙ አምስት አምስት ጥይት መተኮስ ነው። ለ50 ሜትሩ ከነጥቡ በታች ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ባዶ ወረቀት ይተው። ከዚያ የአምስቱ ቀዳዳዎች መሐል ከነጥቡ ምን ያህል እንደራቀ ተለክቶ፣ አንድ ጠቅታ በዚያ ርቀት ለሚያንቀሳቅሰው መጠን ይካፈላል። የተገኘው ቁጥር የሚታመነው መነጽሩን በዚያው መጠን ከፍ አድርጎ እንደገና በመተኮስ ሲረጋገጥ ነው። የንፋስ ቀን ለዚህ ሥራ አይመችም።

ሆኖም መነጽሩ ራሱ ካልታመነ ይህ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። በሞላና በፒስተን የሚሠራ ጠመንጃ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይራገጣል። ወደ ኋላ ብቻ ለሚራገጥ የባሩድ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር ይህን የሁለት አቅጣጫ ምት ላይችል፣ ውስጡ ሊላቀቅ ይችላል፤ ለአየር ጠመንጃ የተሠራ መሆኑ ይረጋገጥ። መነጽሩን ከጠመንጃው ጋር የሚያያዘው ማሰሪያ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ችንካር መኖሩም ይታይ።

ለማቀባበል ቱቦው በሚታጠፍ ጠመንጃ ላይ ደግሞ አንድ የተደበቀ ችግር አለ። ብዙውን ጊዜ ቱቦው ከመነጽሩ አንጻር ትንሽ ወደ ታች ያዘነብላል። ባለቤቱ ይህን ለማካካስ የከፍታ ማስተካከያውን እስከ ጥጉ ያዞረዋል። ጥጉ ላይ ሲደርስ የመነጽሩን ውስጠኛ ቱቦ ደግፎ የያዘው ሞላ ጉልበቱ ይላላል፤ መምቻው ነጥብም በየምቱ ይዋዥቃል፤ ለሩቅ የሚሆን ጠቅታም አይተርፍም። መፍትሔው መነጽሩን ወደ መሐሉ መመለስ ነው። ማስተካከያውን ከጥግ እስከ ጥግ ሳያስገድዱ አዙሮ ጠቅታውን መቁጠር፣ ግማሹን መመለስ፣ ቀሪውን ልዩነት ከኋላ በኩል ከፍ በሚል ማሰሪያ መሙላት።

መዘንበልም የሩቅ ተኩስ ጠላት ነው። ጠመንጃው 5 ዲግሪ ወደ ቀኝ ቢያጋድል፣ ለ50 ሜትር የተስተካከለው ፔሌት 22 ሚሊሜትር ያህል ወደ ቀኝ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን ንፋስ ነው ብለው ይታገሉታል። ጠመንጃውን በውኃ ልክ አስተካክሎ መነጽሩ ውስጥ ያለውን ቋሚ መስመር ከተንጠለጠለ የቱንቢ ገመድ ጋር ማመሳሰል፣ ከዚያም የማሰሪያውን ብሎኖች በየተራ ጥቂት ጥቂት ማጥበቅ ያስፈልጋል። መነጽሩ እንዳይጨፈለቅ ከ2 ኒውተን ሜትር በላይ አይጥበቁ።

መስቀለኛው መስመር ጭንቅላት ሲነቃነቅ ዒላማው ላይ የሚዋኝ ከሆነ የርቀት ማስተካከያው ከዒላማው ጋር አልገጠመም ማለት ነው። ብዙ የባሩድ ጠመንጃ መነጽሮች ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር፣ ተሠርተው የተቆለፉ ስለሆኑ ለአየር ጠመንጃ ቅርብ ርቀት አይመቹም።

የጠቅታውን እውነተኛነት መፈተን ቀላል ነው። በ20 ሜትር ተኩሶ 50 ጠቅታ ከፍ ማድረግና ሌላ መተኮስ፤ መነጽሩ ባለ 0.1 ሚሊራዲያን ከሆነ በሁለቱ መካከል 100 ሚሊሜትር መገኘት አለበት። 92 ከተገኘ የሠንጠረዡ ቁጥር ሁሉ በዚያው ይታረም። 50ው ጠቅታ ወደ ታች ሲመለስ ፔሌቱ መጀመሪያ ወደመታበት የማይመለስ ከሆነ ግን መነጽሩን መለወጥ ይሻላል።

ሠንጠረዡ በትክክል ቢሠራም የርቀት ግምት ካልሠመረ አይጠቅምም። በዚህ ምሳሌ 50 ሜትር ላይ 2 ሜትር መሳሳት 10 ሚሊሜትር ያህል ልዩነት ያመጣል፤ በ20 እና በ25 ሜትር መካከል ግን ልዩነቱ አይታይም። ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች በ30 ዲግሪ ሲተኮስ የ50 ሜትሩ ዒላማ እንደ 43 ሜትር ይቆጠራል፤ በሁለቱም አቅጣጫ ጠቅታው ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም።

ይህ ፔሌት ዒላማውን ቢስት መቶዎች ሜትሮች ሊጓዝና ሰው ሊገድል ይችላል፤ ከወረቀቱ ጀርባ የአፈር ክምር ከሌለ አይተኮስ። የፔሌቱ ዓይነት በተለወጠ ጊዜ ደግሞ ሥራው ከ30 ሜትር እንደገና ይጀመራል፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ የሚለጠፈው በፔሌቱ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ቢሆን ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዒላማ ተኩስ ወዳጅ